ካርቶኑን እዩ

እጆቿ ሸሚዝ ላይ ናቸው። ኮሌታውን በግራ እጇ ወጠር አድርጋ ይዛ ካውያውን ከጫፍ ወደ መሀል ትገፋለች። ከመሀል ወደ ጫፍ የሚገፋ ሰው ሽብሽቡን ጫፍ ላይ ሰብስቦ ይቀራል። ይህንን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ታስተምራለች፤ አዲስ ሠራተኛም ሁሉ ይረሳዋል። ከኮሌታው ትከሻው፣ ከትከሻው እጅጌው፣ ደረቱ መጨረሻ ላይ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ተራ አዛብታ አታውቅም። እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ሲወጣ ግን ፊቷን ታዞራለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ድሮ እንፋሎቱ ሲነሳ አንገቷን ደፋ አድርጋ ታሸት ነበር። ሙቅ እንፋሎት ሳሙና ያላወጣውን ሁሉ ከጨርቁ ውስጥ ይቀሰቅሰዋል። እሷም ካውያውን ሳታቆም፣ እንደ ቀልድ፣ የሰውን ገበና ትዘረግፈው ነበር። ይሄኛው ለሚስቱ ሲጋራ ተውኩ ብሏታል፣ አልተወም ትላለች። ይቺኛዋ ሰሞኑን ሆስፒታል ስታስታምም ነው የከረመችው ትላለች። ሰዎቹ ልብሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ነገሩ እውነት ሆኖ ይገኛል። የላውንደሪው አጣቢ፣ ቀልድ ካልተናገረ ምሳ የማይወርድለት ሰው፣ «አፍንጬ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙም ጸደቀላት። እሷም ብትሆን ለቀልድ አታንስም። አንድ አዲስ ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ካላት ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ተኳሽ ነኝ» ትላለች። ሰውየው ደንገጥ ሲል ጠብቃ «የሰው ሁሉ ሸሚዝ በእኔ እጅ ነው ያለቀው» ብላ ትጨርሳለች።

ባሏ በገዛ እጇ የተኮሰችለትን ሱሪ ለብሶ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ያኔ ልጇ አራት ዓመቷ ነበር። ሰው ሁሉ ታለቅሳለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ «መስመሩን ያን ያህል አሳምሬ መተኮስ አልነበረብኝም» አለች አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላወራችም። የምታወራው ስለ ልጇ ብቻ ሆነ። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሚጣ ትላታለች፤ ቁመቷ ከእናቷ አልፎ እንኳ ሚጣ መባሏ አልቀረም።

የሚኖሩት ከላውንደሪው ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ቧንቧው መሀል ላይ በተተከለ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ከግራቸው ልብስ ሰፊዋ አለች፤ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ተቀምጣ የግቢውን ሰው ሁሉ የምትመክር ሴት። ከቀኛቸው ጡረተኛው ሾፌር አለ፤ በግቢው ውስጥ ፍሪጅ ያለው እሱ ብቻ ነው። ይህ ፍሪጅ በኋላ ለነገሩ ያስፈልጋል።

ሚጣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ውሃ አልጠግብ አለች። ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ስትጠጣ ውላ እንደገና ትጠማለች። ቀሚሶቿ ሰፏት። እናት ሦስት ጊዜ አስጠበበችላት፤ ልጅቷ ቁመት እየጨመረች ነው የቀጠነችው ብላ ነበር። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ውስጥ ወደቀችና ስኳር ነው ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ «ድሮም ሻዩ ላይ ታበዢላት ነበር» አለቻት። ቃሉ ራሱ ስኳር አይደል፣ እናት አመነች። ስኳሩን በማንኪያ የዛቀው የገዛ እጇ እንደሆነ አምና፣ የስኳሩን ጣሳ ለቅርብ ጎረቤት ሰጥታ፣ እሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይዋን መራራውን ጠጣች። ሐኪሙ ያንቺ ጥፋት አይደለም ብሏት ነበር። ሰው ግን ከሐኪም ይልቅ ጎረቤቱን ያምናል።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት መርፌ፣ ማታ መርፌ ሆነ። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ሾፌሩ ፍሪጁ በር ላይ ቦታ ለቀቀላቸው። «ለእኔ ወተት ብቻ ይበቃኛል» አለ።

ሚጣ አደገች። ትምህርቷን ስትጨርስ የውበት ሳሎን ውስጥ ጥፍር ሰሪ ሆና ገባች። ጎበዝ ነበረች። የሰውን እጅ በጭኗ ላይ ባለች ትንሽ ፎጣ ላይ ዘርግታ፣ አሮጌውን ቀለም በአሴቶን አጥባ፣ ጥፍሩን ሞርዳ፣ አዲሱን በሦስት ሰረዝ ትቀባዋለች፤ አንዱ ከመሀል፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ። እናት ይህን ስትሰማ ደስ አላት። «እኔም ተራ አለኝ፣ አንቺም ተራ አለሽ» አለቻት። አንድ ነገር ብቻ አልተመቻትም፤ ልጅቷ ማታ ስትገባ ያ የአሴቶን ሽታ አብሯት ይገባል። ጣፋጭ የሚመስል፣ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ነው። አፍንጬ ተብላ ለምትጠራ ሴት ይህ ቀላል አይደለም። በር ላይ «ሳትታጠቢ እንዳትገቢ» ትላታለች። ሚጣም እጇን እናቷ አፍንጫ ሥር ወስዳ ስታሳስቃት ቆይታ፣ ቧንቧው ጋ ሄዳ በሳሙና ታጥባ ትመጣለች። በየቀኑ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ከሁለቱ ዓመት በመጀመሪያው አንድ ቀን ሳሎኑ በደንበኛ ተጨናንቆ ሚጣ ጠዋት መርፌዋን ተወግታ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃት፣ ከወንበሯ ተንሸራታ ወደቀች። ስኳሯ ወርዶ ነበር። የሳሎኑ ሴቶች ስኳር በውሃ በጥብጠው ሲያጠጧት ነቃች። እናት ከላውንደሪው ካውያዋን ሳትነቅል ነበር የሮጠችው። ያን ቀን ከድንጋጤዋ የተነሣ አንድ ሕግ አወጣች፦ ያልበላ አይወጋም። ልብስ ሰፊዋም አጸደቀችው። «ባዶ ሆድ ላይ መርፌ ማለት ነፍስ ማጥፋት ነው» አለች። ቤቱ ውስጥ ይህ ቃል እንደ ተረት ሆነ። ሚጣ ምግብ ስታዘገይ እናት «ያልበላ...» ትላለች፣ ሚጣ «አይወጋም» ብላ ትጨርሳለች። አንዱን አደጋ በደንብ ያውቁት ነበር። ሌላው መኖሩን ግን አያውቁም።

ጤና ጣቢያው የስኳር ታካሚዎችን የሚያየው ረቡዕ ረቡዕ ነው። አንድ ረቡዕ ሚጣ ሥራ ስለበዛባት መድኃኒቱን እናት ልትወስድላት ሄደች። ያን ቀን መስኮቱ ላይ አዲስ ሲስተር ነበረች፤ ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ከኋላ ሰው ይገፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ የመስኮቱ መስታወት ላይ ያለችው ቀዳዳ ከጡጫ አትሰፋም። ሲስተሯ መድኃኒቱን እየሰጠቻት፣ ዐይኗ መዝገቡ ላይ እንዳለ፣ ቃሉን አከታትላ አወረደችው። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ በርቱ፣ ግን ትኩሳት ወይ ትውከት ከያዛት ኪቶኑን እዩ፣ ኪቶኑ ከበዛ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት፣ ቀጣይ።

እናት የሰማችው «ካርቶኑን እዩ» የሚል ነው።

እጇ ላይ ያለው መድኃኒት በካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። ምኑን ልየው ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ «እማማ ጨርሰሻል እኮ» አላት። አፈረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የራሷ ጆሮ እንደ ባዳ እንደከዳት በምን ታውቃለች? እየደጋገመች፣ እንዳትረሳው፣ ካርቶኑን እዩ፣ ካርቶኑ ከበዛ ቶሎ አምጧት እያለች ቤቷ ደረሰች።

ማታ ለሚጣ ነገረቻት። ሚጣ ፊደል የቆጠረች ናት፤ አሰብ አደረገችና፣ «የሚያበቃበትን ቀን እዩ ማለቷ ነው እማዬ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ያሳምማላ» አለቻት። «ካርቶኑ ከበዛስ?»

«ሳልወጋው ከተከመረ ነዋ። የሚሰንፉ አሉ።»

ነገሩ ገጠመላቸው። ሚጣ ካርቶኑን ከፍ አድርጋ እንደ ዜና አንባቢ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ ቀኑን አነበበችው፤ ከዓመት በላይ ነበረው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እናት በየሁለት ሦስት ቀኑ ሾፌሩ ቤት ፍሪጁ ጋ ትሄድና ካርቶኑን ታያለች። አንድ ብቻ ነው። አልበዛም። የፍሪጁን በር ዘግታ ተመስገን ብላ ትመለሳለች።

ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ሚጣ ከሳሎን ቀትር ላይ ተመለሰች። ሆዷን አሟታል፣ አስመልሷታል። ሰሞኑን በሰፈሩ ውስጥ ሆድ የሚያጣድፍ ነገር ገብቶ ስለነበር ማንም አልተደነቀም። እናት ሾርባ ሠራችላት፣ አልወረደላትም። የመርፌው ሰዓት ሲደርስ ሚጣ «ልወጋ?» አለች። እናት «ያልበላ...» አለቻት። ሚጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «አይወጋም» ብላ ጨረሰችላት።

እሑድም አልበላችም፤ አልተወጋችም። የስኳር መለኪያው ወረቀት ካለቀ ሳምንት አልፎታል፤ ለረቡዕ ቀጠሮ ሲሄዱ ሊቀበሉ ነበር። ውሃ ግን ትጠጣለች፤ ጆግ ሙሉ ጠጥታ ሌላ ታስቀዳለች። እናት በዚህ ደስ አላት። ያስመለሰው ሰው ውሃ መጠጣቱ ደግ ነው ብላ ራሷ እየቀዳች አቀረበችላት። ውሃ አልጠግብ ብላ ቧንቧ ሥር የምትጎነበሰዋን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያን ቀን አላስታወሰቻትም። በኋላ ግን ከዚያች ልጅ ሌላ የምታስታውሰው ጠፋ።

ሰኞ ሳሎኑ ዝግ ነው። እናት ከላውንደሪው ፈቃድ ጠይቃ ቤት ዋለች። ረፋዱ ላይ አልጋ ልብሱን ልታነጥፍ ጎንበስ ስትል አፍንጫዋ ቆመ። አሴቶን።

«ጠርሙስ እዚህ ቤት አምጥተሻል?» አለቻት።

«ምን ጠርሙስ?»

«የጥፍር ማጽጃሽን። ታመሽም ጥፍር ትሠሪያለሽ?»

ሚጣ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። «እማዬ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ጠርሙስ አልነካሁም።»

«የእኔ አፍንጫ አይዋሽም።»

አልዋሸም። አፍንጫዋ በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ትልቁን እውነት የተናገረው ያን ሰኞ ነበር። እሷ ግን ሽታውን ከምታውቀው ቦታ ፈለገችው፤ ከልጇ እጅ። ውሃ አሙቃ በሳህን አመጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጇን እጅ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር በሳሙና አጠበችው። የጥፍሯ ቀለም ቀይ ነበር፤ ከመሀል አንድ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሰረዝ። በፎጣ አድርቃ አሸተተችው። እጁ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቤቱ ግን ያው ነው። እንደገና አጠበችው። ሎሚ ቆርጣ አሸችበት። ሚጣ ዐይኗን ጨፍና እጇን ሰጥታ ተኝታለች፤ እንደ ደንበኞቿ። አንዴ ብቻ «ጥሩ ትሠሪያለሽ፣ እኛ ጋ ግቢ» አለቻት። ቀልዱን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ስትናገር ሽታው በረታ። እናት ሦስተኛ ውሃ ልታሞቅ ተነሣች።

ከዚያ ሲስተሯ ያለችው ትዝ አላት። ትውከት ከያዛት ካርቶኑን እዩ። ከሾፌሩ ፍሪጅ አምጥታ፣ «ሚጣዬ፣ ቀኑን አንብቢልኝ» አለቻት። ሚጣ ካርቶኑን አስጠግታ አየችው፣ አራቀችው። «ፊደሉ ይደበዝዝብኛል» አለች። እናት ከመዳከሟ ነው ብላ ለሾፌሩ ወሰደችው። ሾፌሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሲፈልግ ቆይቶ አገኘውና በጥንቃቄ አነበበ።

«ገና አሥር ወር አለው፤ አትስጊ እትዬ» አላት።

አልሰጋችም። ካርቶኑ አንድ ነው፣ ቀኑ አላለፈም። ሲስተሯ እይ ያለችውን አይታለች። እንግዲህ ስኳሯ ወርዶ ይሆናል ብላ፣ ከልብስ ሰፊዋ ስኳር ተበድራ፣ ባለፈው ዓመት ያዳናትን ስኳር ውሃ በጥብጣ በማንኪያ አጠጣቻት። ልጅቷ መልሳ አስወጣችው።

ማክሰኞ ጠዋት ሚጣ ተኝታ ነበር። ትንፋሿ ጥልቅና ረጅም፣ ከሆዷ የሚመጣ ነው። እናት በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችው። ከሦስት ቀን በኋላ ዛሬ ገና ደህና እንቅልፍ ወሰዳት አለች። እንዳትቀሰቅሳት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ልብስ ሰፊዋን ብቅ እያልሽ እያት ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አራት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ላውንደሪው በር ላይ ደረሰች። «ብጠራት ብጠራት አትመልስልኝም» አለች። ሮጠው ግቢ ሲደርሱ ሾፌሩ ታክሲ አቁሞ ጠበቃቸው። በመኪናው ውስጥ የልጅቷ ጭንቅላት የእናቷ ጭን ላይ ነበር፤ ያ ረጅም ትንፋሽ ይወጣል፣ ይገባል፣ ሽታው መኪናውን ሞላው። የታክሲው ሰውዬ መስኮት ከፈተ።

በሆስፒታሉ የተቀበላቸው ወጣት ሐኪም ነበር። ገና ወደ ልጅቷ ፊት ጎንበስ ከማለቱ ቀና ብሎ ነርሶቹን ጠራ፤ ግሉኮስ ሳይሆን ኢንሱሊንና ሌላ ፈሳሽ አዘዘ። ነርሶቹ ሲሮጡ ወደ እናት ዞረና «አሴቶን ሲሸታት ስንት ቀን ሆነው?» አላት።

«ጥፍር ሰሪ ናት» አለች እናት። «ከሥራዋ ነው። አጥቤላታለሁ። ደጋግሜ ነው ያጠብኩላት።»

«ከእጇ አይደለም እማማ። ከአፏ ነው።»

ከዚያ በኋላ እሷ ቆማ እሱ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ቀስ ብሎ ያልነገራትን ነገር ነገራት። ስኳሩ ደሟ ውስጥ ሞልቷል፣ ግን በሩ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ኢንሱሊን፣ ያ መርፌዋ ነው። ቁልፉ ከጠፋ ሰውነት ስኳር ላይ ተኝቶ ይራባል። ሲራብ የራሱን ስብ ያቃጥላል። የዚያ ጭስ ነው ኪቶን የሚባለው። ሲበዛ ደሙን ይመርዘዋል፣ ያስመልሳል፣ ትንፋሽን ያረዝማል፣ ከአፍም እንደ አሴቶን ይሸታል። አንዱ የኪቶን ዓይነት ራሱ አሴቶን ነው አላት፣ ያው ጠርሙስ ውስጥ ያለው። በሽንት የሚነከር ቀጭን ወረቀት አለ፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ ከሆነ ኪቶኑ በዝቷል ማለት ነው። ሰው ሲታመም ደግሞ፣ ባይበላም እንኳ፣ ኢንሱሊን ጨርሶ አይቆምም፤ መጠኑን ሐኪም ያስተካክለዋል እንጂ።

እናት በደንብ ገባት። አንድ ክረምት የላውንደሪው ማገዶ መጋዘን ቁልፉ ጠፍቶ፣ ባለቤቱ ማሞቂያው እንዳይጠፋ የልብስ መደርደሪያዎቹን እየነቀለ አንድዶ ነበር። የቀለሙ ጭስ ቤቱን ሞልቶት ሠራተኛው ሁሉ ሲያስል ዋለ። ማገዶው እኮ ግድግዳው ማዶ ነበር። ይህን አሰበች። ነገር ሲገባ እንዲህ ነው፤ ለመግባቱ ጊዜ አይመርጥም።

«ኪቶን እንድታዩ አልተነገራችሁም?» አላት ሐኪሙ።

ቦርሳዋን ከፈተች። ካርቶኑን ይዛው መጥታ ነበር። ሰጠችው። ሐኪሙ ተቀብሎ አገላበጠው፤ ምን እንድታሳየው እንደፈለገች አልገባውም።

«ጊዜው አላለፈም» አላት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ካርቶኑን እዩ ብላኝ ነበር፣ አይቻለሁ። በየጊዜው አይቻለሁ።»

ሐኪሙ ካርቶኑን ዳግመኛ አየው፤ ከዚያ እሷን። ነገሩ እንደገባው ከዐይኑ አወቀች። ስለ ሌላው ሁሉ ሲያብራራ የቆየ ልጅ ካርቶኑን መልሶ እጇ ላይ አደረገላትና ጣቶቿን አጠፈላት።

ሚጣ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ አረፈች። የቀጠሮዋ ቀን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ዐወቀ። ልብስ ሰፊዋ እኔም ጠርጥሬ ነበር አለች። አጣቢው፣ ያ ቀልደኛ፣ አፍንጬ ብሎ መጥራቱን ተወ፤ ሌላ ስም ስላላወቀላት «አንቺ» ማለት ጀመረ። ሾፌሩ ፍሪጁ በር ላይ ያለውን ቦታ ባዶውን ተወው፤ ወተቱን እዚያ አያስቀምጥም።

እናት በሁለተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደች። ለክስ አልነበረም። ሰልፉን ጠብቃ፣ ያችው መስኮት ጋ ስትደርስ የሆነውን ተናገረች። ሲስተሯ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ግን ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ «ነግሬሻለሁ እኮ እማማ» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ነግራታለች። ነገሩ መራራ የሆነው ለዚህ ነው። ሲስተሯ አልዋሸችም፣ ሚጣ አልዋሸችም፣ አፍንጫውም አልዋሸም፤ እንዲያም ሆኖ ልጅቷ የለችም። ከኋላ ያለው ሰው «ቀጣይ» እስኪባል አልጠበቀም፤ ገፋ አድርጓት አለፈ።

እሷ ግን አልሄደችም። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መድኃኒቷን ተቀብላ የምትወጣ ሴት ስታይ «እናቴ፣ ምን አለችሽ?» አለቻት። ሴትየዋ «እንጃ፣ በርቱ ነው ያለችው» ብላ አለፈች። ሌላውን ጠየቀች። ግማሹ አልሰማም፣ ግማሹ የሰማው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ግማሽ ቀን እየወሰደች እዚያ ትቀመጣለች። ዘበኛው ሁለቴ አስወጥቷታል። ሲስተሯ ስታልፍ ዐይኗን ትሰብራለች። የሰፈሩ ዱርዬዎች አዲስ ስም አወጡላት፤ ካርቶኗ ይሏታል። ያም ስም ጸደቀ።

ፊደልም ቆጥራለች። ሁሉንም አይደለም፤ ያስተማራት ሾፌሩ ነው፣ በመነጽሩና በትዕግሥቱ። መጀመሪያ ኪቶን ብለህ ጻፍልኝ አለችው። ቀጥሎ ካርቶን። ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ ጊዜ አየቻቸው። ኪ እግሯ ሥር ትንሽ ሰረዝ አላት። ካ አንድ እግሯ አጥሯል። ከዚያ መሀል ላይ አንዲት ር። «ይሄው ነው?» አለችው ሾፌሩን። «ይሄው ነው እትዬ» አላት። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ያን ዕለት መስኮቱ ሥር ብትጠይቅ ሊቅ ባትሆንም እናት ሆና ትቀር ነበር።

አሁን ሸሚዙ አልቋል። ደረቱን አለሳልሳ፣ መስቀያው ላይ ሰቅላ፣ ላይኛዋን ቁልፍ ትቆልፋለች። ነገ ረቡዕ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመድኃኒት መስኮት ዞር ስትሉ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ቦርሳዋን እቅፍ ያደረገች ሴት ምን አለቻችሁ ብላ ብትጠይቃችሁ፣ እብድ ናት ብላችሁ አትለፏት። ቁሙላት። የተባላችሁትን ቃል በቃል ንገሯት። የምትነግሯት ነገር ከአፋችሁ ሳይወጣ ቢጠፋባችሁ ግን፣ አትፈሩ፣ አትፈሩ ልጆቼ፣ ሰልፉ ይጠብቅ፤ ወደ መስኮቱ ተመለሱና ድገሚልኝ በሉ።